ትኬቱ ላይ 7 ሰዓት ካለ 7 ሰዓት ነው፦ በዲሲ ትንሽ ክለብ ባንድ ለማየት

"በስንት ሰዓት ልሂድ?"

ይህን ጥያቄ ከአክስቴ ልጆችና ከሥራ ጓደኞቼ ስንቴ እንደሰማሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ታሪኩ ሁሌ አንድ ነው። ልጁ ስልኩ ላይ የሚያዳምጠው አንድ ኢንዲ ባንድ አለ። ባንዱ ዩ ጎዳና አካባቢ ሊጫወት ነው። ትኬቱን ይገዛል፤ ከዚያ ይደውልልኛል። ምን ልልበስ? ወንበር አለው? መታወቂያ ይጠይቃሉ? ሁሌ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ሊንኩን ልላክ አልኩ።

ኢንዲ ባንድ የምለው በትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ሥር ያልሆነውን ነው። በራሱ ወይም በትንሽ አሳታሚ ይሠራል። ትንሽ ክለብ የምለው ደግሞ ሰው ቆሞ የሚያይበትን፣ ከመድረኩ እስከ በሩ ጥቂት እርምጃ የሆነውን ቤት ነው። ምሳሌ የማደርጋቸው ሁለት ናቸው፤ 14ኛ ጎዳና ላይ ያለው ብላክ ካትና ቪ ጎዳና ላይ ያለው ናይን ሰርቲ (9:30) ክለብ። ናይን ሰርቲ 1,200 ሰው ስለሚይዝ ከትንንሾቹ ትልቁ በሉት። ሁለቱም ከ9ኛ ጎዳና የሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር ይደረሳሉ። ሌላ ከተማ ያላችሁም አብዛኛው ይሠራላችኋል።

አንድ ነገር ከወዲሁ፦ ሰዓቱን ሁሉ የምጽፈው በአሜሪካ አቆጣጠር ነው። ማታ 7 ስል በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ማለት ነው። አትሳቁ፤ የተሳሳተ ሰው አውቃለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ዋናው መታወቂያ፦ መንጃ ፈቃድ፣ የስቴት መታወቂያ ወይም ፓስፖርት
- ትኬቱ ስልክ ላይ ተከፍቶ፣ ስልኩም ቻርጅ ተደርጎ
- የጆሮ መድፈኛ፣ አንድ ጥንድ (ፋርማሲ ውስጥ በጥቂት ዶላር ብዙ ጥንድ ይገኛል)
- የባንክ ካርድ፣ ከ20 እስከ 40 ዶላር ጥሬ ገንዘብም በዝርዝር
- የሚመች ዝግ ጫማ
- ኪስ ያለው ልብስ፣ ወይም በትከሻ የሚንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ

1. ትኬቱን ከክለቡ ድረ ገጽ ተነስታችሁ ግዙ

ጎግል ላይ የባንዱን ስም ስትጽፉ መጀመሪያ የሚመጣው ብዙ ጊዜ መልሶ ሻጭ ነው። 25 ዶላር የነበረውን ትኬት በ70 ያቀርብላችኋል፤ ክለቡ ጋ ትኬቱ ገና ሳያልቅ። ስለዚህ መጀመሪያ የክለቡን ገጽ ክፈቱ። "ትኬት" የሚለውን ስትጫኑ ወደ ትክክለኛው ሻጭ ይወስዳችኋል።

ከግንቦት 2025 ጀምሮ በፌዴራል ደንብ መሠረት ሻጮች አስገዳጅ ክፍያዎችን የጨመረውን ጠቅላላ ዋጋ ከመጀመሪያው ማሳየት አለባቸው። መጨረሻ ላይ ዋጋው ድንገት ከዘለለባችሁ ገጹን ዝጉት።

ትኬቱ ካለቀ የትዕይንቱን ቀን ጠብቁና የክለቡን ገጽ እንደገና እዩ። አንዳንዴ ለባንዱ እንግዶች የተያዘ ትኬት ይለቀቃል። ከማታውቁት ሰው ስክሪንሾት ግን አትግዙ። አንድ ስክሪንሾት ለአሥር ሰው ይሸጣል። በር ላይ የሚገባው ቀድሞ ያስነበበው ብቻ ነው።

2. የዕድሜ ገደቡንና ስማችሁን አረጋግጡ

ትኬቱ ላይ "ሁሉም ዕድሜ"፣ "18 እና በላይ" ወይም "21 እና በላይ" ተብሎ ይጻፋል። "ሁሉም ዕድሜ" የሚለው ለመግባት ነው። መጠጥ ለመግዛት 21 መሙላት ግድ ነው። ብዙ ክለብ 21 ለሞላው የእጅ ማሰሪያ ያደርጋል፤ ላልሞላው እጁ ላይ በጥቁር ማርከር ኤክስ ይሠራበታል። በነገራችን ላይ ኤክሱ እዚሁ ዲሲ ውስጥ ካሉ የፓንክ ሮክ ልጆች ጋር የተለመደ ምልክት ነውና አያሳፍርም።

ለኛ ሰው ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ስም ነው። ትኬታችሁ በስማችሁ በር ላይ የሚጠብቃችሁ ከሆነ ሠራተኛው የሚፈልገው በ"ላስት ኔም" ነው። እኛ የአባታችንን ስም እንናገራለን፤ መታወቂያው ላይ ግን ላስት ኔም ተብሎ የተጻፈው የአያታችን ሊሆን ይችላል። ስትገዙም ስትናገሩም መታወቂያው ላይ ያለውን ተጠቀሙ። ሁለተኛው የልደት ቀን ነው። በረኛው የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር መታወቂያው ላይ የሰፈረውን ነው። የቀበሌ መታወቂያ እዚህ አይሠራም። ስልክ ላይ ያለ የፓስፖርት ፎቶም አይሠራም።

3. ሰዓቱን አንብቡ፣ ወደ ኋላም ቁጠሩ

ዋናው ነገር ይህ ነው። ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

የሐበሻ ኮንሰርት ትኬት ላይ ማታ 9 ይላል፤ ዘፋኙ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይወጣል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ቤታችን ቡና ጠጥተን ነው የምንሄደው። እኔም የመጀመሪያዬን የኢንዲ ትዕይንት በዚያው ሒሳብ 11 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ልጆቹ ገመድ እየጠቀለሉ ነበር። ድራመሩ በትሕትና "ሳይመችህ ቀረ?" ብሎ ጠየቀኝ።

ትኬቱ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰዓት አለ። "በር" የሚለው ክለቡ የሚከፈትበት ነው። "ትዕይንት" የሚለው የመጀመሪያው መክፈቻ ባንድ የሚጀምርበት ነው። በር 7፣ ትዕይንት 8 ከሆነ ምሽቱ በግምት እንዲህ ይሄዳል፦

- 8፡00 መክፈቻ ባንድ፣ ግማሽ ሰዓት ወይም ትንሽ በላይ
- 8፡35 የዕቃ ለውጥ፣ 20 ወይም 25 ደቂቃ
- 9፡00 ዋናው ባንድ፣ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ተኩል
- 10፡30 መብራት ይበራል፣ አለቀ

ሁለት መክፈቻ ባንድ ካለ ዋናው ወደ 10 ሰዓት ይገፋል። ለምን እንዲህ ይጠነቀቃሉ? ሠራተኛው በሰዓት ይከፈለዋል። ባንዱ በማግሥቱ ሌላ ከተማ ስለሚጫወት በቫን ሌሊቱን ሊነዳ ይችላል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ክለቡ ከእነሱ በኋላ የጭፈራ ምሽት አለው። ስለዚህ የሚጠብቃችሁ የለም።

ብዙ ክለቦች በዕለቱ ከሰዓት በኋላ ትክክለኛውን የመውጫ ሰዓት ማኅበራዊ ገጻቸው ላይ ይለጥፋሉ። እሱን እዩ። ፊት ለፊት መቆም የምትፈልጉ በር ሲከፈት ድረሱ። ለሌላው መክፈቻው ሲጀምር መድረስ ይበቃል። መክፈቻውን አትዝለሉ፤ ገንዘቡን ከፍላችሁበታል፣ በሚቀጥለው ዓመት የምትወዱት እሱን ሊሆን ይችላል።

ይህ ሕግ የክለቡ ነው፣ የሙዚቃው ዓይነት አይለውጠውም። ኪቦርድ ተጫዋቹን ኃይሉ መርጊያን የመሰለ የኛ ሰው እንዲህ ዓይነት ቤት ሲጫወትም በሐበሻ ሰዓት አትሂዱ።

4. ቀድማችሁ ብሉ

በእነዚህ ክለቦች ምግብ ወይ የለም ወይ ቀላል ነገር ነው። ሦስት ሰዓት ባዶ ሆድ ላይ ቆሞ ቢራ መጠጣት ጥሩ አያደርግም። 9ኛ ጎዳና ላይ ጥብስ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሆነ በየዓይነቱ፣ ከዚያ በእግር ወደ ክለቡ። ግን 5፡30 ላይ ተቀመጡ። የኛ ምግብ ቤት ሒሳብ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ ታውቁታላችሁ።

ኮታችሁን ከምጣዱ አርቁት። በተጠጋጋ ሰው መሃል የጥብስ ሽታ ሩቅ ይሄዳል።

5. ልብስና ቦርሳ

ሰው በጂንስና በቲሸርት ነው የሚመጣው። እንደ ሠርግ መልበስ አያስከለክልም፤ ግን ቢራ ይፈስባችኋል። ተረከዝ ጫማ አትልበሱ፤ ወለሉ ሲሚንቶ ወይም እንጨት ነው፣ መቀመጫ የለም፣ እግር ይረገጣል። በብርድ ጊዜ ኮት ማስቀመጫ ካለ ጥቂት ዶላር ከፍላችሁ ስጡት። አዳራሹ ሲሞላ ይሞቃል፤ ኮት በክንድ ይዞ ሁለት ሰዓት መቆም ያደክማል።

ትልቅ የጀርባ ቦርሳ አትያዙ። በር ላይ ይፈተሻል፣ አንዳንድ ቤት ጭራሽ አያስገባም። ካስገባም በዞራችሁ ቁጥር ከኋላችሁ ያለውን ሰው ትመታላችሁ።

6. በሩ ላይ

መታወቂያ በአንድ እጅ፣ ትኬት በሌላው። ትኬቱን ሰልፍ ላይ እያላችሁ ክፈቱ፤ በሩ ጋ ኔትወርክ ይደክማል። ከገባችሁ በኋላ ወጥታችሁ መመለስ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ቦታ አይቻልም። ለሲጋራ ወይም ለስልክ ብለው ወጥተው ውጭ የቀሩ አይቻለሁ። ውስጥ ማጨስ በዲሲ ሕግ ክልክል ነው።

7. የጆሮ መድፈኛውን ሙዚቃው ሳይጀምር አድርጉ

እዚህ ላይ ሁሉም ይከራከረኛል። "ሙዚቃ ልሰማ ሄጄ ጆሮዬን ልድፈን?" አዎ።

የአሜሪካ የሥራ ላይ ጤና ምርምር ተቋም የሚለው ልክ ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት። እንዲያ እያለ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። የሮክ ባንድ በትንሽ አዳራሽ 100ን በቀላሉ ይነካል። እናንተ ደግሞ እዚያ የምትቆሙት ሦስት ሰዓት ነው። መድፈኛው 15 ዴሲቤል ብቻ ቢቀንስ 100 የነበረው 85 ይሆናል። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። በማግሥቱ ጆሮ ውስጥ የሚጮኸው ነገር ጉዳት ነው፤ አንዳንዴ አይመለስም።

የስፖንጁ ዓይነት አገባብ አለው፦

- በንጹሕ ጣት እንደ ቀጭን ክር አድርጋችሁ ጠቅልሉት
- በሌላኛው እጅ ከራስ በላይ አልፋችሁ ጆሯችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡ፤ ቀዳዳው ቀጥ የሚለው ያኔ ነው
- አስገቡትና እስኪያብጥ ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣት ያዙት

ግማሹ ውጭ ከታየ አልገባም ማለት ነው። ጥጥና ሶፍት አይበቃም። ረስታችሁ ከመጣችሁ ባር ላይ ጠይቁ፤ ብዙ ቤት ያስቀምጣል። ስፖንጁ ድምፁን ያፍነዋል የምትሉ፣ ለሙዚቃ ተብሎ የተሠራ የሲሊኮን መድፈኛ አለ። ከ20 ዶላር ጀምሮ ይገኛል፣ ለዓመታት ያገለግላል።

8. የምትቆሙበትን ምረጡ

አዳራሹ መሃል ወይም ኋላ ላይ የድምፅ ባለሙያው ሚክሰሩን (የድምፅ ማስተካከያ ጠረጴዛውን) ይዞ ይቆማል። ምርጡ ድምፅ እሱ አጠገብ ነው። ምክንያቱም ድምፁን የሚያስተካክለው እሱ በቆመበት ሆኖ በሚሰማው ነው። ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ አታስቀምጡ፤ ይህን ያደረገ ሰው ሲባረር አይቻለሁ።

ፊት ለፊት መድረኩ ሥር ስትቆሙ ፊት ታያላችሁ፤ ግጥም ግን ላይሰማችሁ ይችላል። እዚያ የሚደርሳችሁ በቀጥታ ከድራሙና ከጊታር ማጉያው የሚወጣው ነው። የድምፃዊው ድምፅ የሚወጣባቸው ትልልቅ ስፒከሮች ግራና ቀኝ ሆነው ከናንተ በላይ ወደ ኋላ ይተኩሳሉ። መድረኩ ላይ ያሉት ትንንሾቹ ደግሞ ወደ ባንዱ ነው የዞሩት። ከትልቁ ስፒከር ፊት ግን በፍጹም አትቁሙ። ግድግዳና ጥግ ላይ ቤዙ ይጠራቀማል፤ ሁሉ ነገር ጉም ይሆናል።

አጠር ያላችሁ ወደ ጎን ሂዱ፤ መሃል ሁሌ ረጅም ሰው አለ። ናይን ሰርቲ ሰገነት አለው፤ ከዚያ ጥሩ ይታያል፣ ግን በጊዜ ይያዛል።

ፊት መሃል ላይ ሰው መገፋፋት ከጀመረ ጠብ አይደለም፤ ጨዋታ ነው። ካልፈለጋችሁ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ጎን ውጡ። የወደቀ ካያችሁ ወዲያው አንሱት፤ እዚያ ሁሉም የሚያከብረው ሕግ ይኸው ነው።

9. ባር ላይ

በየመጠጡ ክፈሉ። ካርዳችሁን ባር ላይ ትታችሁ ሒሳብ ክፍት ካደረጋችሁ መጨረሻ ላይ መቶ ሰው አብሯችሁ ይሰለፋል፤ ብዙዎች ካርዳቸውን ረስተው ይሄዳሉ። ለአንድ መጠጥ አንድ ወይም ሁለት ዶላር ቲፕ የተለመደ ነው። የእነዚህ ሠራተኞች መነሻ ደሞዝ ከሌላው ዝቅ ያለው ቲፕ ታስቦ ነው። የቧንቧ ውኃ ጠይቁ፣ ይሰጧችኋል፤ ለእሱም አንድ ዶላር ጣል ብታደርጉ አይከፋም። የምታዙት በዘፈንና በዘፈን መሃል ይሁን። ዝግ ያለ ዘፈን ላይ ከባር የሚመጣ ወሬ መድረኩ ድረስ ይሰማል።

10. እየተጫወቱ ሳለ

አዝማሪ ቤት ያደግን ሰዎች ሁለት ልማድ በር ላይ መተው አለብን።

አንዱ ሽልማት ነው። ሰው ግንባር ላይ ብር አይለጠፍም፤ መድረክ ላይ አይወጣም። የወጣችሁ እንደሆነ ጋርዱ በትከሻችሁ ይዞ ያወርዳችኋል። የምትሸልሙበት ቦታ ሌላ ነው፤ ቀጥሎ እመጣበታለሁ።

ሁለተኛው "ተቀበል" ነው። አዝማሪው ግጥም ይቀበላል፣ ይመልሳል። ኢንዲ ባንድ የሚጫወተው ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ተጽፎ እግሩ ሥር ተለጥፏል፤ ጊታሮቹም በዚያው ተቃኝተው ተደርድረዋል። የዘፈን ስም እየጠሩ መጮኽ ያሰለቻል። በዘፈኑ ማብቂያ ጩኹ፣ አጨብጭቡ፣ አብራችሁ ዝፈኑ። እልልታ? እኔ ሞክሬዋለሁ። ድምፃዊቷ ቆም ብላ "ይሄ ምንድን ነው? ድገሙት!" አለች።

ስልክ አንድ ዘፈን ቅረጹበትና ኪስ ይግባ። ፍላሽ ይጥፋ። ከኋላችሁ ያለው ሰው ባንዱን በእናንተ ስክሪን እያየ ነው።

ባንዱ ሰላም ብሎ ሲወርድ ወዲያው አትውጡ። መብራቱ ካልበራ ተመልሰው ሁለት ሦስት ዘፈን ይጨምራሉ። መብራት ከበራና የተቀዳ ሙዚቃ ከተከፈተ ግን አልቋል።

11. ሽልማቱ እዚህ ነው፦ የቲሸርት ጠረጴዛ

ኋላ ወይም መግቢያው ላይ ቲሸርት፣ ሸክላና ካሴት የሚሸጥበት ጠረጴዛ አለ። ሸክላ እናንተ ቤት ከአባታችሁ ዘመን የቀረ ነገር ከሆነ ትገረማላችሁ፤ እነዚህ ልጆች ዛሬም ያሳትማሉ። ለትንሽ ባንድ ከኦንላይን ማዳመጥ የሚገኘው ገንዘብ ሳንቲም ነው። አንድ ቲሸርት ስትገዙ የዚያን ቀን የቫኑን ቤንዚን ሸፈናችሁ።

ቲሸርቱን ዋናው ባንድ ሳይጀምር ግዙ፤ በኋላ የምትለብሱት ቁጥር ያልቃል። ሸክላውን ግን መጨረሻ ላይ፤ በሰው መሃል ይታጠፋል። ካርድ አብዛኛው ይቀበላል፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ጥሬ ገንዘብ የያዘ ይቀድማል። ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ራሱ የባንዱ አባል ነው። አንድ ደቂቃ አውሩት፣ ፎቶ ከፈለጋችሁ ጠይቁ፣ ከኋላችሁ ላለው ቦታ ልቀቁ።

12. ወደ ቤት

በሜትሮ ከሆነ ጣቢያው ዩ ስትሪት ነው፤ አረንጓዴው መስመር። ለብላክ ካት በ13ኛ ጎዳና በኩል ውጡ፣ ለናይን ሰርቲ በ10ኛ። ከሲልቨር ስፕሪንግ የምትመጡ ከቀዩ መስመር ፎርት ቶተን ላይ ቀይሩ። ከሰኞ እስከ ሐሙስና እሑድ ሜትሮ እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል፤ ዓርብና ቅዳሜ ይረዝማል። የመጨረሻው ባቡር ከጣቢያችሁ የሚያልፈው ከመዝጊያው ቀደም ብሎ ሊሆን ይችላልና ሰዓቱን ከቤት ሳትወጡ እዩ።

በመኪና ከሆነ ምልክቱን ሁለቴ አንብቡ። መንደር ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ ቦታዎች ለነዋሪ ፈቃድ ናቸው። ኡበር ከሆነ አንድ ሁለት ብሎክ ራቅ ብላችሁ ጥሩ፤ በሩ ላይ ሁሉም በአንዴ ስለሚጠራ ዋጋው ይሰቀላል፣ ሾፌሩም አያገኛችሁም።

ተጠንቀቁ

- ጠጥታችሁ አትንዱ። ሕጉ በደም ውስጥ ያለ አልኮል 0.08 በመቶ ሲደርስ ቢልም ዲሲ ከዚያ በታችም ሊያስራችሁ ይችላል።
- መጠጣችሁን ለብቻው ትታችሁ አትሂዱ።
- ቢያዞራችሁ ወደ መድረክ ሳይሆን ወደ ግድግዳ ውጡ፤ ከመድረኩ ፊት ጋርድ ካለም እጃችሁን አንሱ።
- ሲገቡ መውጫ በሮቹን አንዴ እዩ። ከመግቢያው ሌላ ቢያንስ አንድ አለ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- ለአራት ሰው ትኬት በአንድ ስልክ ይዞ፣ ስልኩን የያዘው ሰው ዘግይቶ መምጣት። ቀድማችሁ በየስልካችሁ ተላላኩ።
- "ጠረጴዛ ልያዝ" ብሎ ክለቡ ጋ መደወል። ጠረጴዛ የለም፤ ውስኪ በጠርሙስ የሚታዘዝበት ቤት አይደለም። መቆም የሚያስቸግረው ሰው ካለ ግን ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ኢሜይል ላኩ፤ የተለየ ቦታ ያዘጋጃሉ።
- ባንዱን አንድ ዘፈን ብቻ አውቆ መሄድ። የቅርቡን አልበም ሁለቴ ስሙት፤ ከሚጫወቱት ብዙው እሱ ነው።
- ጓደኛ አጣሁ ብሎ ትኬቱን ማቃጠል። ብቻውን የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። መክፈቻው ሲጀምር ሚክሰሩ አጠገብ ቁሙ፤ ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም።